በሁዳዴ የደለበችው ድመት

ቤታችን አዘዞ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባውን ኮረኮንች ይዘው ሲሄዱ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ከታች ዝገት የበላው ግቢ ውስጥ። እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ እንኖርበታለን። ያን ጊዜ አንዲት ግራጫ ድመትም ነበረች። እናቴ ስትጠራት «ውርዬ» ትላት ነበር። የተለየ ስም አልነበራትም፤ በሰፈራችን ያለች ድመት ሁሉ ውርዬ ናት።

እኔ ስልክ እጠግናለሁ። የምሠራው ማራኪ፣ ተማሪዎች ከሚከራዩአቸው ክፍሎች መሀል ባለች ጠባብ ቤት ነው። ማንም አላስተማረኝም። የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። መብራት የጠፋ ቀን ስክሪን የሚቀየርላቸውን ይዤ ቤት እመጣና በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን እሠራለሁ። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ምን ምን እንደሚሰማ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ድመቷ ምን ስትሰማ ምን እንደምታደርግም አውቅ ነበር።

ሥጋ ቤቶች ሥጋ የሚያስሩበትን ስስ ፌስታል ከዳቦ ፌስታል ለይታ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ሁለቱንም ባዶ አድርጌ ሞከርኳት። የዳቦውን ሳንኮሻኩሽ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሆና አንድ ጆሮዋን ብቻ አዞረች። የሥጋውን ሳንኮሻኩሽ በግድግዳው ወርዳ እግሬ ላይ ደረሰች። ባዶነቱን አሽትታ ስታበቃ ቀና ብላ ያየችኝን አልረሳውም። ቢላዋ በቢላዋ ሲሳል ትመጣለች። የወጥ ድስት ክዳን ሲነሳ ትመጣለች። የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ሲነሳ አትመጣም።

ከቃል የምታውቀው «ውርዬ»ን ነው፤ እሱንም ከእናቴ አፍ ሲወጣ ብቻ። እናቴ ድመቷ የት እንዳለች ለማወቅ ብቻ ስትጠራት ቃሉን ቶሎ ትቆርጠዋለች። እጇ ላይ የሚበላ ካለ ግን መጨረሻውን ትስበዋለች፣ «ውርዬዬዬ» ብላ። ድመቷ ለመጀመሪያው ዓይኗን ከፈት አድርጋ ትከድናለች። ለሁለተኛው ትሮጣለች። እህቴ ይህ ያናድዳት ነበር።

«ያው አንድ ቃል አይደል እንዴ? እኔ ስጠራት ምነው ትደነቁራለች?»

«አንቺ ስትጠሪያት ባዶ እጅሽን ነዋ» ትላታለች እናቴ። «ደግሞ ጠርተሽ ወደ ውጭ ነው የምትወረውሪያት። እኔስ ብሆን እመጣለሁ?»

በሁዳዴ ግን የእናቴም ጥሪ አይሰማም ነበር። ወተትና ሥጋ ቤታችን አይገባም፤ ድመትም የሚሰጣት የለም። እናቴ በጾም ድመቷን አትጠራትም፣ «ሳልሰጣት ብጠራት ማታለል ነው» ትል ነበር። ድስት ይከደናል፣ ይከፈታል፤ ውስጡ ሽሮና ምስር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ድመቷ ክዳኑን ሰምታ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ መምጣቱን ትተወዋለች። አይጥና ወፍ ፍለጋ አጥር ለአጥር ትዞራለች። የፋሲካ ሰሞን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጎድኑ ከሩቅ ይታያል፤ የእኛዋም እንደዚያው።

እናቴ የታመመችው ጾሙ ሊገባ አካባቢ ነው። ልብስ እያሰጣች ነበር። እህቴ ከውስጥ ሆና ባልዲው ሲወድቅ ሰማች፤ ስትወጣ እናቴን ከእርጥብ ልብሱ ጋር መሬት ላይ አገኘቻት። ሆስፒታል ስናደርሳት ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ አፏም በቀኝ በኩል ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ደግሞ ንግግሯ ጠፋ። የምንላት ይገባታል፣ በዓይኗ ትከተለናለች፤ መልስ ልትሰጥ ስትል ግን ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ሐኪሙ «እናቴ፣ ስምዎ ማን ነው?» አላት።

«ውርዬ» አለች።

አጠገባችን የተኙት ሴትዮ አስታማሚ ሳቅ አመለጣት። እናቴ ስህተቱን ራሷ ሰምታዋለች። ግንባሯ ተቋጠረ፤ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና «ውርዬ» አለች። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው እንዲህ አንድ ቃል ብቻ እንደሚቀርለት፣ የትኛው ቃል እንደሚቀር ግን ማንም እንደማይመርጥ ነገረን።

ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የነበሩት ሴትዮ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው ፈሳሽ ምግብ በስሪንጅ እየተገፋ ነበር የሚመገቡት። እጃቸው ቱቦውን እንዳይነቅል በጨርቅ ታስሯል። እናቴ ራሷን ወደዚያ አዙራ ቀኑን ሙሉ ታያቸው ነበር። እኛ ሳንወጣ ሴትዮዋ ሞቱ። ሲወስዷቸው መጋረጃ የሚጋርድ አልነበረም።

ቤት ስንመለስ እናቴ ለሁሉም ነገር ያችኑ ቃል ትላለች። ውሃ ሲጠማት፣ ብርድ ልብሱ ሲከብዳት፣ መጸዳጃ ስትፈልግ፣ ሰው ሲያሰለቻት። ቃሉ አንድ ቢሆንም አወራረዱ ይለያያል። የውሃውንና የመጸዳጃውን ቶሎ ለየኋቸው፤ ሌላውን በግምት ነበር። በእያንዳንዱ ጥሪ ግን ድመቷ እየሮጠች ትመጣለች። አልጋው ላይ ዘላ ወጥታ የእናቴን እጅ ታሸታለች፤ ምንም የለም። ትወርዳለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ውርዬ»፤ እንደገና መሮጥ። ይህ እንደማይቀጥል አውቄ ነበር፤ ተበላሽቶ ያለ ደዋይ የሚጮህ ስልክ ስንት ጊዜ ይነሳል? እንዳሰብኩትም ሆነ። ድመቷ መጀመሪያ መሮጡን ተወች፣ ቀጥሎ መነሳቱን፣ በመጨረሻ ጆሮዋን ማዞሩንም ተወች። እናቴ ስትጠራ የሚመጣው እኔ ወይም እህቴ ብቻ ሆንን።

ምግቡ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አድርሰውላት ጾሙን ፈቱላት። «ታማሚ ናት፣ ወተቱንም እንቁላሉንም ስጧት፤ እግዚአብሔር ጤናዋን እንጂ ረሃቧን አይፈልግም» አሉ። እህቴ ከጎረቤት ወተት እያስመጣች አጥሚት ትሠራላት ጀመር። በዚያ ጾም ቤታችን የገባው ወተት የእሷ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን እህቴ በማንኪያ ልታጎርሳት ተቀመጠች። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፤ ወንበር ያልደረሳቸው በር ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ማንኪያ ገባ፤ ግማሹ በወረደው አፏ በኩል ተመልሶ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ አየ። አንዲት ሴት «እህህ» አለች። እናቴ ግራ እጇን አንስታ አፏን ሸፈነች። ለሁለተኛው ማንኪያ አፏን አልከፍትም አለች።

«ጾሙን ነው» አሉ ጎረቤታችን ባልቴት። «ስንት ዘመን ጾማ፣ ዛሬ በሰው ፊት ወተት ትጠጣ? ታፍራለች እንጂ። ደግሞስ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን ባለበት የታመመ ሰው ይበላል? አይታይሽም? ጋርጂላት!»

ጾሙም፣ ሐፍረቱም፣ ዓይኑም፣ ሦስቱም ምክንያት እውነት መሰለን። እናቴ ደህና በነበረችበት ጊዜም እንግዳ በር ላይ ከቆመ ጉርሻዋን ነጠላዋ ውስጥ ሰውራ የምትበላ ሴት ናት። እኛንም ያሳደገችን እንደዚያው ነው፤ ትምህርት ቤት ምሳችንን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንድንበላ ትመክረን ነበር። ስለዚህ እህቴ ከምስማር እስከ ምስማር ሲባጎ ወጥራ የእናቴን የቆየ ነጠላ በአልጋው ዙሪያ ሰቀለችው። እናቴን በትራስ ደገፍ አድርጋ፣ አጥሚቱን በቆርቆሮ ሳህን፣ ማንኪያውን በደህናው እጇ በኩል አስቀምጣላት ትወጣለች። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። አንዳንዴ የታጠበ እስኪመስል ድረስ።

የእህቴን ደስታ እንዴት አድርጌ ልጻፈው። ሳህኑን ለጠያቂው ሁሉ ታሳየው ነበር።

«እዩት እስቲ! ጠብታ አልተረፈም። ማፈሯ ነበር እኮ፣ ማፈሯ ብቻ!»

በየማለዳው ጸበልም ይመጣላታል። እሱን በኩባያ እህቴ ናት የምታጠጣት። አንዴ ፉት ስትል ዓይኗ እስኪቀላ ያስላታል፤ ደረቷ እንደ ወንፊት ይንኮሻኮሻል። የቆሙት ሴቶች ያማትባሉ። «እየለቀቃት ነው፣ እየለቀቃት ነው» ይባባላሉ። ከሳሉ በኋላ ተዳክማ ስትተኛ ያ ራሱ እንደ ደህና ምልክት ይቆጠርላታል። እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳሉን እሰማለሁ። ከጸበሉ ሰዓት ውጭም፣ ከነጠላው ጀርባ፣ በጨርቅ የታፈነ የመሰለ ሳል አልፎ አልፎ ይሰማኝ ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።

እየከሳች ነበር። እያጠብናት እናያለን፤ የክንዷ ቆዳ ባዶ ከረጢት ሆነ። አንገቷ ላይ ያለው ማተብ ድሮ ጉሮሮዋ ሥር የነበረ፣ ደረቷ ድረስ ወረደ። «በሽታው ነው» ተባባልን። የምትበላውማ ሳህኑ ይመሰክራል።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ አያ እንላቸዋለን። ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው አሁንም እዚያው ያርሳል። ቀን ቀን በር ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ ይነካኩታል። አንድ ቀን እናቴን ሊጠይቁ ገብተው ሲወጡ በረንዳው ላይ ከእኔ አጠገብ የተጋደመችውን ድመት በዱላቸው ጫፍ ሆዷን ነካ አደረጓት።

«ምነው እታለም!» አሏት እህቴን። «ይቺ ድመታችሁ ጾም አትይዝም እንዴ? እይዋትማ፣ የሰርግ ሙክት መስላለች!»

እህቴ ሳቀች። «አባ ለእሷም ፈተውላት እንዳይሆን አያ።»

«እኔን ይፍቱኝ እንጂ! የእኔዋ ድመት ነፋስ ሲመጣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ሸጋ ቤት ነው የያዘች፣ ሸጋ ቤት።»

ሁለቱም ስቀው ተለያዩ። እኔ ግን ድመቷን አየኋት። ፀጉሯ ያበራል። አንገቷ ወፍሯል። አካባቢያችን ላይ አይጥ በዝቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከበረንዳው አትርቅም ነበር። አዳኝ ድመት እንደዚያ አትተኛም።

ከዚያ ወዲያ መብራት የጠፋ አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ የተሰበረ የስልክ መስታወት እየላጥኩ ነበር። ጠያቂ አልነበረም። እህቴ አጥሚቱን አስገብታ ልብስ ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ድመቷ የማገዶው ክምር ላይ ፀሐይ እየሞቀች አንቀላፍታለች። ከውስጥ «ውርዬ» የሚል ድምፅ አልመጣም። የሰማሁት ሌላ ነው፤ ማንኪያ የሳህን ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ ሲመታ፣ ቀስ ብሎ፣ ጥፍር ያህል ድምፅ። ድመቷ ከእንቅልፏ ተፈናጥራ በእግሬ መሀል አልፋ ገባች።

መስታወቱን አስቀመጥኩት። ያ ድምፅ ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ድመቷን ማንኪያ እየመታ የጠራት ሰው የለም፤ እኛ በቃል ነው የምንጠራት። ድመት ደግሞ አንድን ድምፅ እንዲህ አድርጋ የምትማረው ድምፁ ሳይዋሻት ሲቀር ነው፣ በሰማችው ቁጥር ምግቡ ሲኖር። በፌስታሉ አይቼዋለሁ፣ በድስቱ ክዳን አይቼዋለሁ። ሰው ያለማቋረጥ አብልቷታል ማለት ነው፤ ከነጠላው ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነው።

ሰው ሲበላ መጋረጃ አይገለጥም። እጄን ነጠላው ላይ ካደረግሁ በኋላም ትንሽ ቆሜያለሁ። ከዚያ ገለጥኩት።

እናቴ ሳህኑን በግራ እጇ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ አዘንብላዋለች። ድመቷ ፊቷን ቀብራ ትልሳለች። የእናቴ አገጭ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ሁለቴ ሞክራ ነበር ማለት ነው። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳዋለች፣ ሳሉ እንዳይሰማ። ትከሻዋ ይንዘፈዘፋል፤ ድምፅ ግን የለም። ስታየኝ ሳህኑን አልለቀቀችም። ዓይኗ ብቻ ትልቅ ሆነ። ከዚያ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጨርቁን ከአፏ አውጥታ ራሷን በኃይል ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፤ ከአፍንጫዋ ወደ ታች፣ ወደ ጉሮሮዋ መስመር አሰመረች። የዚያችን የሆስፒታሏን ሴትዮ ቱቦ ነበር የምታሳየኝ።

«ውርዬ» አለችኝ። ትለምነኝ ነበር።

እህቴን ጠራኋት። እጇ ላይ አረፋ እንዳለ መጣች። ምንም ሳልነግራት አገጩን፣ ጨርቁን፣ ድመቷን አየች። መጀመሪያ የጮኸችው በድመቷ ላይ ነው፤ ያገኘችውን ጫማ ወረወረችባት። ቀጥሎ በእናቴ ላይ፦

«እማ! እማዬ ምን አደረግሁሽ? ራበሽ አላልኩሽም? ሳህኑን ለአገር ሁሉ አሳየሁ እኮ! ለአገር ሁሉ!»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አይወርድላትም» አልኳት እህቴን። «ጉሮሮዋ ነው። ጸበሉ ሲያስላትም እሱ ነው።»

«ዝም በል አንተ» አለችኝና ተቀመጠች። ለመቀመጥ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው።

በጸጥታው ምክንያት አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የከረመው መንገድ ያን ቀን ክፍት ነበር፤ ባጃጅ አገኘን። እናቴ በእኔና በእህቴ መሀል ተደግፋ እስክንደርስ ድረስ የሸሚዜን እጅጌ ጨብጣ አልለቀቀችም። ሳንባዋ ውስጥ ምግብ ገብቶ ኢንፌክሽን ፈጥሯል አሉን። አስተኟት። ቱቦውንም አስገቡላት፤ እጇንም ያዙላት። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ይዛ ነበር። እኔ ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ያችን ቃሏን ያን ያህል ጮክ ብላ ስትላት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ትኩሳቱ በረደላት፤ ቱቦውም ሊወጣ ሲል አንዲት ነርስ አስቀምጣ ጠየቀችን።

«ቤት ስትበላ ማን ያያታል?»

ተያየን። «ማንም» አለች እህቴ።

«ማንም? ምነው?»

«ያው... ጋርደንላት። ሰው ይበዛል፣ ዓይን...»

ነርሷ ልትቆጣ ፈልጋ ተወችው። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት። «በሉ ስሙኝ» አለች። «መጋረጃ የለም። ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ቀጭን ነገር አይሰጥም፤ ውሃም፣ ጸበልም ቢሆን ወፈር ተደርጎ በጥቂቱ። አገጯ ወደ ደረቷ ዝቅ። ትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው በኩል። ጉሮሮዋ ከፍ ብሎ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ሳታዩ ሁለተኛ የለም። አፏ ውስጥ ምግብ እያለ ደግሞ አታናግሯት፣ እሷም እንዳታወራ። ስታወራ መንገዱ ይከፈትና ወደ ሳንባ ይገባል። ገባችሁ?»

ገባን። ቤት ተመለስን። እህቴ ነጠላውን ከነሲባጎው አውርዳ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ማጉረሱ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ለትንሽ ነገር ትዕግሥት ያለህ አንተ ነህ ተባልኩ። አንድ ሳህን ገንፎ መሰል አጥሚት አንድ ጠዋት ይፈጃል። ማንኪያውን አስገባለሁ፣ ጉሮሮዋን አያለሁ፣ እጠብቃለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድመቷ አልጋው ሥር ናት። ማንኪያው ሳህኑን በነካ ቁጥር ትዘላለች፤ እናቴም ሳታስበው እጇ ወደ ድመቷ ይሄዳል፣ አገጯ ከፍ ይላል፣ «ው...» ስትል ትታነቃለች። ሁለት ጊዜ ከንፈሯ እስኪጠቁር ደረሰች።

«ትውጣ» አለች እህቴ። «ይቺ ናት የጨረሰቻት።»

«ድመቷ ምን አጠፋች?» አልኳት። «የሰጧትን ነው የበላች።»

«ለእኔ አትንገረኝ። አያን ጥራልኝ።»

አያ ጆንያ ይዘው መጡ። ልጃቸው ከትክል ድንጋይ ለገበያ ወርዶ ነበር፤ ሊመለስ ነው። «ሸጋ» አሉ፣ ድመቷን በማጅራቷ አንስተው እየመዘኑ። «ጎተራውን አይጥ ፈጅቶታል። እዚያ ወተት የሚሰጣት የለም፤ ሠርታ ትብላ።» እናቴ ጆንያው ሲታሰር ታይ ነበር። አያ ቀልድ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱና እናቴን አይተው ዘጉት። ወጥተው በሩን በቀስታ ገፉት።

በማግስቱ ማለዳ መጨረሻውን ስባ ጠራች፣ ደህና በነበረችበት ጊዜ እጇ ላይ የሚበላ ሲኖር እንደምትጠራው። ሄድኩ። ውሃ ነው? አልኳት። አይደለም። ብርድ ልብሱን ነው? አይደለም። ጀርባሽን ነው? በእጇ ገፋችኝ። በበሩ በኩል ወደ ውጭ ታይ ነበር። እንደገና ጠራች፤ ቆየች፤ ጠራች። እንዲህ ጥቂት ቀናት ሰነበተች። እየቆየ ጥሪው ራቅ ራቅ እያለ ሄደ። ለውሃም ተወችው፤ ኩባያውን በጣቷ ታሳየኛለች። ለመጸዳጃም በእጇ አልጋውን ትመታለች። ያቺ አንድ ቃል መቼ እንደቆመች በትክክል አላውቅም። ፋሲካ ሲደርስ ግን ቤታችን ውስጥ አትሰማም ነበር።

እህቴ ይህን ያስተዋለችው ከእኔ ዘግይታ ነው። አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች ድንገት ቀና ብላ «እማ ዛሬ ጠርታኛለች?» አለችኝ። ዕቃውን ትታ ተነሳች። ወደ አያ ሄዳ ድመቷን እንዲያስመልሱላት ለመነቻቸው። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት አያ በስልክ ልጃቸውን ጠየቁት፤ ድመቷ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጎተራው ሥር ታይታ አታውቅም አለ። ጅብ በልቷት ይሁን ውሻ አልታወቀም። ወደ አዘዞ ተመልሳ ይሆናል ብለው ሊያጽናኑን ሞከሩ፤ በእግር ያን ያህል መንገድ።

እህቴ ከሰፈር አንዲት ጠቃጠቆ ግልገል ድመት አመጣች። እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። እናቴ በደህናው እጇ ጀርባዋን ዳሰሰቻት። አልጠራቻትም። ግልገሏ ቃል የምታስተምራት ስላጣች የራሷን ተማረች፤ እኔ ለማጉረስ ወንበሬን ወደ አልጋው ስጎትት እግሩ ሲሚንቶው ላይ ይንጫረራል፣ እሷ ያን ጊዜ ትመጣለች። አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ማንኪያውን ከሳህን እስከ አፍ ትከተለዋለች። የሚወድቅላት ነገር የለም። እንደዚያም ሆና ትመጣለች።

እናቴ ትንሽ ሥጋ ለብሳለች። ክንዷ ክንድ መስሏል። ጠያቂዎች «ተመስገን፣ ፊቷ ተመለሰ» ይላሉ፤ እውነት ነው። በሰው ፊት ትበላለች፤ ዓይኗን ግን ጨፍና ነው።

ባለፈው ሳምንት ወንበሩን ጎትቼ ሦስተኛውን ማንኪያ አጎርሻት ነበር። ግልገሏ ወደ አልጋው ዘለለች፤ ጥፍሯ ብርድ ልብሱን ስቶ ወደቀች፤ እንደገና ዘለለች። እናቴ ዓይኗን ከፈተች። አየቻት። ደህናው የአፏ ጎን ተሰበሰበ፤ ከንፈሯ ክብ ሆኖ ወደ ፊት ወጣ፣ «ው» ሊል እንዳለ አፍ። አጥሚቱ ገና ምላሷ ላይ ነው፤ ነጭነቱ ይታየኛል። አገጯ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ።

«መጀመሪያ ዋጪው እማ» አልኳት፣ አገጯን በጣቴ ወደ ታች እየያዝኩ።

ከንፈሯ እንደዚያው ክብ ሆኖ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተዘጋ። ጉሮሮዋ ከፍ አለ፣ ወረደ። ጠበቅኋት። አፏን ከፈተች፤ ባዶ ነበር፤ ምንም አልወጣም። አራተኛውን ማንኪያ ሞላሁ።